የሚሲዮኑ ቁልፍ

ሐረጎ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ጉም መንገዱን ሲውጠው፣
ሹፌሩ በጥሩምባ እንጂ በዓይኑ መንዳት ሲያቅተው፣
"ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድሁ።
ሜትር፣ ችካል፣ ባለ ካርቦን ቅጽ ይዣለሁ፤
ከኮምቦልቻ የተላክሁ ቀያሽ ነኝ፤
መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ልለካ መጣሁ።

ከባሕር ዛፉ ኋላ ቆሟል፣ ያገሩ ሰው "ሚሲዮን" የሚለው፤
ጣራው ከሄደ ቆይቷል፣ መስኮቱን ቁልቋል ሞልቶታል።
መንበሩ በነበረበት ሾላ በቅሎ፣
ወለሉን ከሥር ገምሶ፣ ፈንቅሎ፤
ጦጦች ፍሬው ሥር ተሰልፈዋል፣
ተራ እንደሚጠብቅ ቆራቢ፣ አንገታቸውን ሰብረው።

"ማነህ?" አለችኝ አንዲት ሴት፣ ከባቄላው መሃል ቀና ብላ።
ከድጃ አህመዲን ትባላለች። የአንገቷን ክር ሳብ አድርጋ
ስንዝር የሚያህል፣ ዝገት የበላው ቁልፍ አወጣች።
"ቆይ፣ ልክፈትልህ።"
ምኑን? በር የለም። መቃን የለም። ግራና ቀኙ ሜዳ።
እሷ ግን ቁልፉን አየሩ ውስጥ ከታ አዞረችው፤
"ግባ በል፣ እንግዳ።"

"አባቴ ግንበኛ ነበር፣ ኖራ ሲያቦካ የኖረ፤
በጥቂት ሊሬ ይህን ሁሉ ድንጋይ ጠርቦ ያሠረ።
ግንቡ ሲያልቅ ደወል ደዋይ አደረጉት።
እኩለ ቀን ላይ ገመዱን ይስብና፣
በራሱ ደወል ዙህር ገባ ብሎ፣ እዚያ ጥግ ይሰግዳል።
ቄሱ ያየዋል። አልከለከለው።
መዝገቡ ላይ ግን 'ፓውሎ' ብሎ ጻፈው።

"ፓውሎ ሲሉት አቤት ይላል፤ ምን ያድርግ፣ ሥራ ነው።
ማታ ግን እናቱ እግሩን ስታጥበው፣
ሦስቴ 'አህመዲን፣ አህመዲን፣ አህመዲን' ትላለች፣
የቀኑን ስም ከነአቧራው ልታስለቅቀው።"

ጣሊያን የወጣ ሌሊት ቄሱ በበቅሎ ሄደ።
ቁልፉን ለአህመዲን ሰጠ፤ "እስክመለስ" አለ፣ ወረደ።
በቃ። እስክመለስ።
"አማና ነው" አለችኝ፤ "አማና ደግሞ የማን ሃይማኖት ብሎ አይጠይቅ።"

"ድንጋዩስ?" አልኳት፤ ግድግዳው ግማሽ ነውና።
ሳቀች። "ድንጋዩንማ አገር ተካፈለው!
ለመስጊዱ ደረጃ፣ ለማርያም አጥር፣ ለነሸጋው በረት።
አባቴም አብሮ ተሸከመ።
'ቁልፉን ጠብቅ አለኝ እንጂ ግንቡን ጠብቅ መች አለኝ?' እያለ።"

አምና አብሮን የሠራ መሃንዲስ ነበር፣ ራሞን፤
አገሩ ፓራጓይ፣ የአያቱ ወገን ጓራኒ።
አንድ ቀን እዚሁ ጥምዝ ላይ መኪና አስቁሞ፣
ከስልኩ ፎቶ አሳየኝ፦ ቀይ ግንብ፣ ሣር የበቀለበት፣
ቲኬት የሚቆረጥበት፤ ቱሪስት ጫማውን የሚያራግፍበት።
"ያያቶቼ ትከሻ ነው ያቆመው" አለኝ፤
"ስማቸው ግን ሰሌዳው ላይ የለም፤ የአባቶቹ ብቻ።"
ያኔ ምን እንደምለው አጣሁ። "አብሽር" አልሁት፣
ትርጉሙን ጠየቀኝ፣ እሱንም አጣሁ።

ለካሁ። ርዝመት አሥራ ዘጠኝ፣ ወርድ ስምንት ከግማሽ።
ሾላ፦ አንድ። ባቄላ፦ ሁለት ጥማድ ያልሞላ።
ከታች መስመር አለ፤ "ባለይዞታ" የሚል።
ብዕሬን አሳረፍሁ። አነሳሁ። ደግሞ አሳረፍሁ።
ምንም ሳልጽፍ፣ ሦስቱም ቅጂ ላይ
አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች።

ጉሙ ሲገለጥ ቦርከና ታች ብልጭ አለ።
የሚኒባስ ጥሩምባ ሰማሁ፤ ሮጥሁ።
"አንተ!" ጮኸች ከኋላዬ፤
"ስትወጣ ዝጋው እንጂ፣ ፍየል ይገባብኛል!"

ቆምሁ። የሚያየኝ ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ አየሁና፣
ተመልሼ፣
የሌለውን በር ሳብ አደረግሁት።